400 መጠይቅ ከማባዛታችሁ በፊት

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የምንኖር 12 ወጣቶች ነን። በቀበሌያችን ለወጣቱ ምን አገልግሎትና የሥራ ዕድል እንዳለ፣ ምን እንደጎደለ ለማጥናት ተነሥተናል። ዋሽንግተን የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች ችግሩን በጥናት ካሳየናቸው ገንዘብ እንደሚያሰባስቡ ቃል ገብተውልናል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ጓደኛችን 400 መጠይቅ መበተን አለብን ይላል። ‹ምን አገልግሎት ትፈልጋላችሁ? የወጣት ማዕከል ቢሠራ ትጠቀማላችሁ?› የሚሉና የመሳሰሉ 32 ጥያቄዎች አዘጋጅተናል። 400 ይበቃል? ሪፖርቱስ ማዕከሉን ለማሠራት እንዲያሳምን እንዴት እንጻፈው?»

አይበቃም፤ ደግሞም ይበዛል።

400 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው፣ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚሰላበት የያማኔ ቀመር ነው። የ5 በመቶ ስህተት ከፈቀዳችሁ 6,000 ወጣት ላለበት ቀበሌ 375፣ 10,000 ላለበት 385 ይሰጣችኋል፤ ሚሊዮን ብታስገቡበትም ከ400 አይዘልም። ቀመሩ ልክ ነው፤ ልክ የሚሆነው ግን የወጣቶቹ ሁሉ ስም በአንድ መዝገብ ሰፍሮ፣ ከዚያ ላይ በዕጣ ስታወጡ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ የላችሁም። አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተወለደው ሕፃን ዛሬ ራሱ ወጣት ሆኗል። የቀበሌ መዝገብ ደግሞ ባለቤቱን እንጂ ተከራዩን በቅጡ አያውቀውም፤ የእናንተ ከተማ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት።

ስለዚህ መጠይቁን የምትበትኑት የት እንደሆነ ከወዲሁ መገመት አያስቸግርም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሻይ ቤት፣ ኳስ ሜዳ። የሚሞላላችሁ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ጊዜ የተረፈው፣ አብዛኛውን ጊዜም ወንድ ነው። ከአንድ ድስት 400 ጊዜ ጨልፎ መቅመስ የጎረቤትን ወጥ ጨው አይነግርም። ይበዛል ያልኳችሁም ለዚህ ነው። 32 ጥያቄ በ400 ሰው 12,800 መልስ ይሆናል፤ ማን ኮምፒውተር ላይ ያሰፍረዋል? በየወረዳው መጋዘን በጆንያ ታስሮ አይጥ የሚበላው መጠይቅ ስንት እንደሆነ ብታዩ ወረቀቱ ያሳዝናችሁ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ከቁጥሩ ይልቅ ይከብዳል። ውጤቱን ወስናችሁ ጥናት ልትጀምሩ ነው። ማዕከል እንዲሠራላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ገጽ አቤቱታና ፊርማ ይበቃል፤ አቤቱታ ነውር የለውም፣ ጥናት ብላችሁ ግን አትጥሩት። «ማዕከል ቢሠራ ትጠቀማላችሁ?» ብሎ መጠየቅ «ቡና ቢፈላ ትጠጣላችሁ?» እንደማለት ነው። ይሉኝታ ባለበት አገር በነፃ የቀረበለትን ነገር አልፈልግም የሚል የለም፤ በተለይ ጠያቂው የሠፈሩ ልጅ ሲሆን። «ምን ትፈልጋለህ?» የሚለውም ብዙ የተሻለ አይደለም። ሰው የሚፈልገው የሚያውቀውን ነው፤ ኳስ ሜዳና ፑል ቤት ያየ ልጅ ኳስ ሜዳና ፑል ቤት ይላችኋል።

የሚሠራው ጥያቄ ያለፈን ነገር የሚጠይቅ ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ መንግሥት ቢሮ የሄድሽው መቼ ነው? ለምን ጉዳይ? ከዚያስ ምን ሆነ?» «ትናንት ከእንቅልፍህ ከተነሣህ ጀምሮ እስክትተኛ የት የት ነበርክ?» «ባለፈው ዓመት ሥራ ብለህ የሞከርከው፣ ግን ያልተሳካው ምንድን ነው? የቆመው የት ላይ ነው?» እነዚህ ሦስቱ ከ32ቱ ይበልጣሉ። ሰው ምኞቱን ሊያሳምር ይችላል፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረ ግን አያሳምርም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ከተማ አንድ የወጣት ማዕከል እንድገመግም ተጠርቼ ሄድኩ። ሕንፃው ሰፊ ነው፤ በወረቀት ላይ ቤተ መጻሕፍት፣ አዳራሽ፣ ካፍቴሪያ፣ መታጠቢያ ቤት ሳይቀር አለው። የደረስኩት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። የአውሮፓ ኳስ የሚታይበት አዳራሽ ክፍት ነው፤ መግቢያ ይከፈልበታል። ፑሉ ዙሪያ ስምንት ወንዶች ቆመዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁለት ሴት ተማሪዎች ነበሩ፤ ደብተራቸውን ሰብስበው ሲነሡ «ገና በጊዜ ነው፣ ለምን ትሄዳላችሁ?» አልኳቸው። ተያዩና አንደኛዋ በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተችኝ። መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉ የሌሊት ዘበኛው ዘንድ ነው፤ እርሱ የሚገባው 12 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ማዕከል የሴቶች ተሳትፎ ለምን አነሰ ተብሎ ሁለት ጊዜ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስልጠና ተሰጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «አገልግሎቱ አለ ወይ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የምጠይቀው ማን ይገባበታል፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ወረቀት፣ በስንት ብር፣ ከበሩ የተመለሰውስ ማን ነው ብዬ ነው። የእናንተም ጥናት በዚህ ዙሪያ ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን ወጣት ማን እንደሆነ ተስማሙ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው ወጣት የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ባንጁል ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ይዘልቃል። በተግባር ደግሞ በየስብሰባው ወጣቱን ወክሎ የሚናገረው የ34 ዓመት ባለትዳር ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው የ16 ዓመት ልጅ ግን የማንም ቁጥር ውስጥ የለችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 አድርጎ፣ ከ15 እስከ 18 ያሉትን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትን ይከለክላል። የቤት ሠራተኛ ግን ከነጭራሹ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። እናንተ የፖሊሲውን 15–29 ያዙ፤ እርሷንም አትርሱ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ከቃሉ ወይም ከተሁለደሬ ገጠር ለፋብሪካ ሥራ የመጣች፣ ኋላም ከሥራው የወጣች የ19 ዓመት ልጅ አስቡ። የወጣቶች ብድር፣ በማኅበር መደራጀት፣ የመሥሪያ ሼድ፣ አጫጭር ስልጠና፣ ሁሉም የሚጀምረው በሥራ ፈላጊነት ከመመዝገብ ነው። ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ትጠየቃለች። ለመታወቂያው ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ፣ ከምትኖርበት ቤት ደግሞ የአከራይ ምስክርነት ያስፈልጋታል። አከራዩ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ አይፈርምም። መሸኛው የትራንስፖርት ብርና ቢያንስ አንድ ቀን ይጠይቃል፤ ሄዳም ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ከሆነ ሁለት ቀን። ሥራ ላይ እያለች ልጨርሰው ብትል ኖሮ የቀረችበት ቀን ከደመወዟ ይቆረጣል፤ ሳይቀሩ ለሠሩ የሚሰጠው ማበረታቻም አብሮ ይሄድባታል። ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ አላት እንበል፤ ፋይዳ ማን እንደሆነች ይመሰክራል እንጂ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነች አያረጋግጥም። እንግዲህ ይህች ልጅ በቀበሌው የሥራ አጥ መዝገብ ላይ የለችም። መዝገቡን ይዛችሁ «በቀበሌያችን ይህን ያህል ሥራ ፈላጊ አለ» ብላችሁ ብትጽፉ ቁጥሩ የሚነግራችሁ መታወቂያ ያለውን ሥራ ፈላጊ ብቻ ነው።

ይህን ሰንሰለት አንዱን ጫፍ ይዛችሁ በእግራችሁ ሂዱበት። ከመካከላችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ እንደ ተገልጋይ፣ ደብዳቤና ማኅተም ሳትይዙ። በሩ በስንት ሰዓት ተከፈተ? ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር «በ20 ደቂቃ» ያለው ጉዳይ በስንት ቀን አለቀ? «ነገ ተመለስ» ስንት ጊዜ ተባለ? ሰዓቱንና ቃሉን እዚያው በደብተር ጻፉ። ይህን ስታደርጉ ባለሙያውን ለማዋረድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ ይዞ ነው የምታገኙት፣ እርሱም ከተጠየቀ ሰንሰለቱ የት ላይ እንደሚበጠስ ከማንም በላይ ያውቃል። በጤና ጣቢያው በኩል ብዙ የምለው የለኝም፤ ለወጣቶች ምቹ የሚባለው ክፍል ከካርድ ክፍሉ ሰልፍ ተለይቶ የሚገባበት በር እንዳለውና እንደሌለው ብቻ እዩ። ሰልፉ ላይ የእናቷ ጎረቤት ካለች ልጅቱ አትገባም፤ ጉዳዩ ያ ነው።

ዕድል የምትሉትንም በዚሁ ዓይን ተመልከቱት። ኮምቦልቻ የሥራ ዕድል የለባትም ማለት አይቻልም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ደረቅ ወደቡ አለ። ጥያቄው ሥራው ሰው ያኖራል ወይ ነው። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ስለዚህ ክፍት የሥራ መደብ ከመቁጠር ይልቅ ሥራ ላይ ያሉ አምስት ልጆች ፈቃዳቸው ሆኖ የወር ሒሳባቸውን ቢያሳዩአችሁ ይሻላል፤ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ ድርሻ፣ ምግብ፣ ለቤተሰብ የሚላክ። የሚተርፈው ስንት ነው? ልጆቹ በስንተኛው ወር ለቀው እንደሚወጡ የሚወስነው ይህ ቀሪ ነው።

ብድሩም እንዲሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውን የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ገንዘቡን ለማግኘት ሲባል ብቻ የሚሰባሰቡ አምስት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ብሩ በተከፋፈለ ማግስት እንደሚበተኑ ደግሞ አይታችኋል። ጥናታችሁ «ብድር ይፈለጋል» ብሎ እንዳያበቃ። በቀበሌያችሁ በማኅበር ተደራጅተው ብድር የወሰዱና እስከ ዛሬ የሚሠሩ ሦስት፣ የፈረሱ ሦስት ፈልጉና የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ጻፉ። እንደ እኔ ልምድ ልዩነቱ የሚገኘው ከብሩ መጠን ይልቅ ሙያውን ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው መካከላቸው መኖሩ ላይ ነው፤ የእናንተ ሠፈር ሌላ ነገር ሊያሳይ ይችላል።

12ኛ ክፍል ተፈትነው የተቀመጡትን ለብቻ እዩአቸው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሪሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ የገባው ገባ፤ የቀረው ቤት ነው። እነዚህ ልጆች ቴክኒክና ሙያን የወዳቂ መጠጊያ አድርገው ነው የሚያዩት፤ በነፃ የሚሰጥ ነገር እንኳ ሲመጣ አይሰሙም። በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ስንቱ ሞክሮታል? ያልሞከረውስ አልሰማም ነው ወይስ ስልኩ ዳታ የለውም? ይህ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ፣ ለመፍታት ደግሞ አንድ ዋይፋይ ያለው ክፍል የሚበቃው ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

አንድ «አገልግሎት ሰጪ» ደግሞ በዝርዝራችሁ ውስጥ የለም፤ መኖር አለበት። ደላላው። ወሎ ውስጥ ሆኖ ስለ ወጣት ዕድል አውርቶ ስለ ዓረብ አገርና ስለ ጅቡቲ መንገድ አለማውራት አይቻልም። ደላላው ቤት ድረስ ይመጣል፤ ማታም፣ በበዓልም ይሠራል፤ መሸኛ አይጠይቅም፤ ብር ከሌለ በዱቤ ያስኬዳል። መጨረሻው ስንቱን እንደበላ ታውቃላችሁ። አቀራረቡን ግን ከመንግሥት ቢሮው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡት፤ የቀበሌው ሰዎች ይህን ሠንጠረዥ ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ጥሩ ምልክት ነው።

አሠራሩን በተመለከተ የምመክረው ይህ ነው። መጠይቁን ተዉት። 45 ሰው ያህል በኑሮው ዓይነት መርጣችሁ አነጋግሩ፤ ከየዓይነቱ አምስት አምስት። ተማሪ፣ በፈረቃ የሚሠራ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የቤት ሠራተኛ፣ ተፈትኖ የተቀመጠ፣ ከስደት ተመላሽ፣ ልጅ ያላት ወጣት እናት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ተፈናቃይ። የቤት ሠራተኛዋን የምታገኟት በማታ ትምህርት በር፣ በወፍጮ ቤትና በቦኖ ውኃ ነው፤ አሠሪዋ ፊት አታነጋግሯት። ሦስት ተከታታይ ሰዎች አዲስ ነገር ካልነገሯችሁ ከዚያ ዓይነት በቃችሁ። ቁጥር የግድ ካስፈለጋችሁ ከቀበሌው ሦስት መንደር በዕጣ አውጡና ቤት ለቤት ዞራችሁ አራት ነገር ብቻ መዝግቡ፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አሁን የሚሠራውን፣ መታወቂያ እንዳለው። የዕድር ዝርዝር መነሻ ይሆናችኋል፤ ዕድር የሌለውን ተከራይ ግን በጓሮ ገብታችሁ ቁጠሩ። ለ12 ሰው ሦስት ሳምንት ይበቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር አትጻፉ። ሥራ አጥ ወጣቶች ስማቸው በዝርዝር የሰፈረበት ወረቀት ዛሬ በእናንተ እጅ ነው፤ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አታውቁም። «ሴት፣ 19፣ ተከራይ» ማለት ይበቃል። ከ18 በታች ያለውን በቤተሰቡ ፈቃድ አነጋግሩ፤ ሴቶቹን ሴቶች ይጠይቁ፤ ከ12ታችሁ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ከሆናችሁ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጨምሩ። ሌላው፣ ከተማችሁ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያየችውን አይታለች። በዚያ ጊዜ የደረሰባቸውን አትጠይቁ። አንዷ ራሷ ካነሣችው አዳምጡ፤ አትጻፉ፤ የት ሄዳ እርዳታ እንደምታገኝ ግን አስቀድማችሁ አጣርታችሁ ያዙ። ማድረግ የማትችሉትን ተስፋም አትስጡ፤ «ዋሽንግተን ብር ሊልኩ ነው» የሚል ወሬ ከወጣ ከዚያ በኋላ የምትሰሙት መልስ ሁሉ ብሩን የሚያይ ይሆናል።

ይህ ዘዴ የማይሰጣችሁን ደግሞ እወቁት። «ከወጣቱ 63 በመቶው» ብላችሁ መጻፍ አትችሉም፤ ከሌላ ከተማ ጋር ማነጻጸርም አትችሉም። የደመወዝ ወለልን ቀበሌ አይወስነውም። ቀበሌው የሚወስነው የራሱን የሥራ ሰዓት፣ የመታወቂያ አሰጣጡን፣ ባዶ የተቀመጠውን ሼድ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ነው። ሪፖርታችሁ ከአራት ገጽ አይብለጥ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስት የሚስተካከሉ ነገሮች ይዛችሁ ግቡ፤ ለእያንዳንዱ የሚፈርመው ኃላፊ ማን እንደሆነ ጻፉበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከግንቦት በኋላ የምታመጡት ግኝት ለከርሞ ነው የሚታየው።

ማዕከሉን አሁን አትጠይቁ። ዋሽንግተን ላሉት ወገኖቻችሁ ገንዘቡን እንዲያቆዩት ንገሯቸው፤ ለጥናቱ የትራንስፖርት፣ የደብተርና የሻይ ወጪ ብቻ ይላኩላችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ችግሩ የሕንፃ እጦት ሆኖ ከተገኘ ማዕከሉን ያኔ ጠይቁ፤ ከሕንፃው ዋጋ ጎን የአንድ ቁልፍ ያዥ፣ የአንድ ጽዳት ሠራተኛና የመብራት የአምስት ዓመት ወጪ አስልታችሁ አያይዙበት። ያንን የሚሸፍን ካልተገኘ ሕንፃውን አትቀበሉ። የተገኘው ችግር መሸኛና የአከራይ ፊርማ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ብር ወደየገጠሩ ቀበሌ ደርሶ ለሚመለስ ሰው የአውቶቡስ መሳፈሪያ ነው።